ብረት የሌለበት ጣራ

«ባለ አሥራ ሁለት ፌሮ ነው፤ በገዛ እጄ ያሰርኩት» ሲል የባሏን ድምፅ የሰማችው ጣራው ላይ ሆና ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ እንደ ልማዷ በጠዋት መሰላሉን አቁማ ወጥታ፣ ጥጉ ላይ የቋጠረውን ውሃ በመጥረጊያ ወደ አሸንዳው እየገፋች ነበር። ከታች፣ በሩ ላይ፣ ባሏና ልጇ ቆመው ያወራሉ። ልጇ «ዛሬ መሐንዲሷ ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው፤ ጣራው ውስጥ ምን ዓይነት ብረት እንዳለ» ብሎ ነበር፤ ባሏም ሳይደናቀፍ፣ ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ መለሰለት። መጥረጊያውን አቆመች። ይህንን ቃል ለጎረቤት ሲናገር ሰምታለች፣ ለዘመድ ሲናገር ሰምታለች፣ አብረውት ለሚሠሩ ግንበኞች ደረቱን ነፍቶ ሲናገርም ሰምታ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖራለች። ለገዛ ልጁ፣ ያውም ልጁ በዚያው ጣራ ላይ ሌላ ቤት ሊጭን በተነሳበት ቀን፣ ይለዋል ብላ ግን አልጠበቀችም።

በዚያ ጣራ ውስጥ ስንዝር የምታህል ፌሮ የለችም። ያለው ቀርከሃ ነው፤ የሷ ቀርከሃ።

እሷ ቀርከሃ ሠሪ ናት፤ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ ቅርጫት፣ የሕፃን አልጋ ትሠራለች። ባሏ ግንበኛ ነው፤ የሠራው ግድግዳ ስለማያዘም ሰፈሩ ያወጣለት ስም ቱንቢ ነው፤ ግንበኞች በገመድ አንጠልጥለው የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚለኩበት ብረት። ስሙን ይወደዋል። ቤቱን ሲሠሩ የነበራቸው ፌሮ ለምሰሶዎቹና ምሰሶዎቹን ከላይ ለሚያያይዘው ማሰሪያ ብቻ በቃ። ከዚያ ፌሮ ከገበያ ድራሹ ጠፋ፤ ብቅ ያለውም ዋጋው አልቀመስ አለ፤ ዝናቡ ደግሞ ደጅ ደርሷል። ቱንቢ ግን መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮ «የኔ የፊት ክፍል ቆርቆሮ አይለብስም፤ ኮንክሪት ነው የሚሞላው» እያለ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ስለነበር መግቢያ ጠፋው። ያን ጊዜ ነው እሷ «ቀርከሃ አለኝ» ያለችው። ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ያነሳው ጥያቄ ይይዛል ወይ የሚል አልነበረም፤ «ሰው ቢሰማስ?» የሚል ነበር።

ለወንበር ትዕዛዝ ብላ በጥላ ያደረቀችውን መረጠች፤ እርጥቡን አልነካችም። እርጥብ ቀርከሃ ሲደርቅ ይኮማተርና ኮንክሪቱ ውስጥ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል ብላ ነገረችው። ሰነጠቀችው፣ ሬንጅ አፍልታ ቀባችው፣ ሬንጁ ሳይደርቅ አሸዋ ላይ አንከባለለችው፤ ኮንክሪቱ የሚጨብጠው ሻካራ ነገር እንዲያገኝ። ከዚያ ኮንክሪቱን እስኪደርቅ በሚሸከመው ጣውላ ላይ ወዲህና ወዲያ እየደረደረች፣ መጋጠሚያውን ሁሉ ቅርጫት በምታስርበት ቋጠሮ አሰረችው። ልጃቸው ያን ሰሞን አያቱ ዘንድ ተልኮ ነበር፤ የግቢው በር ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። ሞልተው ሲያበቁ ሁለቱም እስከ ክርናቸው በሬንጅ ጠቁረው፣ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እንዳትናገሪ» አላት። «አልናገርም» አለችው። ቃሉን የሰጠችው ለሱ ክብር ብላ እንጂ ቀርከሃዋ አሳፍሯት አልነበረም፤ ይህ እሱ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ከዚያ ወዲህ ጣራው የሷ ሆነ። እርጥብ ልብስ ከማስጣት በቀር ማንም ምንም እንዲያስቀምጥበት አትፈቅድም። ልጇ የውሃ ታንከር ገዝቶ ጣራው ላይ ሊሰቅል የመጣ ጊዜ መሰላሉን ደብቃ «የት እንደገባ እንጃ» አለች፤ ታንከሩም ይኸው እስከ ዛሬ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የመተላለፊያውን ግማሽ ዘግቷል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጎን ነው የሚገባው። ዝናብ ባባራ ቁጥር ትወጣለች፤ ውሃውን ትጠርጋለች፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየች ሲሚንቶ በጥብጣ ትደፍናለች። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረው ለሳኙ፣ ከቱንቢ ጋር ዕድሜ ልኩን አብሮ የሠራው፣ አፉ አያርፍም፤ «ምነው በሳሙና አታጥቢውም? ለመሆኑ ማን ሊበላበት ነው?» ይላታል። «አንተ ምላስህን ታጠብ» ትለውና ሥራዋን ትቀጥላለች። ቤተሰቡ የንጽሕና አባዜ ነው ብሎ ተቀብሎታል፤ ባሏም ጭምር።

ወርዳ ስትገባ ሻይ ቀርቧል። ልጇ ቁጭ ብድግ ይላል። የታክሲ ሹፌር ነው፤ ከሚስቱ ጋር የተከራዩት ክፍል አልጋና ምድጃ ከገባበት በኋላ ለሰው የተረፈው ቦታ መቆሚያ ብቻ ነው፤ አከራይዋ መብራቱን ሲያሻት ከራሷ ክፍል ታጠፋባቸዋለች፤ የቤት ኪራይ ደግሞ እንደ ቲማቲም ዋጋ ወጥቶ መውረድ አያውቅም፣ መውጣት ብቻ ነው። ሚስቱ ወሯ ገብቷል። ቀርከሃ ሠሪዋ የልጅ ልጇን አልጋ ሠርታ ከጨረሰች ሰንብታለች፤ አቧራ እንዳይነካው በአንሶላ ሸፍና አስቀምጣዋለች። ላይኛው ቤት ቢሠራ ያ ሕፃን የሚያለቅሰው ከራሷ በላይ ነው፤ ብድግ ብላ ደረጃውን ወጥታ ትታቀፈዋለች። ይህንን ከቤቱ ሰው ሁሉ አብልጣ የምትመኘው እሷ ናት፤ ሻይዋን ሳትቀምስ የተቀመጠችውም ለዚሁ ነው። ልጇ «እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ? ደስ አላለሽም እንዴ?» አላት። «ሻይህን ጠጣ፤ ቀዘቀዘ» አለችው። ጠጥቶ መሐንዲሷን ሊያመጣ ወጣ።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ቱንቢ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ያሽከረክራል። የፊት ክፍሉ ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ክፍል ነው፤ ሶፋው የፕላስቲክ ልብሱን ገና አላወለቀም፤ ግድግዳው ላይ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ፊት ቆሞ የተነሳው የወጣትነት ፎቶግራፉ ተሰቅሏል። የሷ ቀርከሃ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚታይ ቦታ የለውም፤ እሱ «ለግቢ ነው የሚሆነው» ስለሚል ወንበሮቿ ሁሉ ውጭ ናቸው።

«ልትነግረው ነው ወይስ እኔ ልንገረው?» አለችው።

«ምኑን?»

«አታውቀውም?»

ብርጭቆው መሽከርከሩን አቆመ። «ሃያ ዓመት ቆሟል» አለ። «ሃያ ዓመት የቆመ ነገር...»

«የቆመው ምንም ስላልጫንበት ነው። ሲሠራ የተባባልነውን ረሳኸው? ዝናብና ፀሐይ ይከላከል ብለን እንጂ ቤት ይሸከም ብለን አልሠራነውም። እዚህ ላይ ግድግዳ፣ አልጋ፣ ሰው...» ሕፃን የሚለውን አልጠራችውም።

ቱንቢ ጣራውን ቀና ብሎ አየው። «ለሳኙ ቢሰማ መንደር ለመንደር ነው የሚያዞረኝ» አለ፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለብዙ ጊዜ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ «በልጄ ፊት አታዋርጂኝ» አላት። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች።

ግቢው ጥግ ላይ ያለችው ዳሷ መሥሪያዋም ማረፊያዋም ነች። ቢላዋዋን አንስታ አንድ ቀርከሃ ጫፉ ላይ ነካ አደረገችና ወደ ታች ገፋችው፤ ስለቱ አንጓው ላይ ሲደርስ ጧ የሚለው ድምፅ ሁልጊዜ ልቧን ያሳርፍላት ነበር፤ ዛሬ አላሳረፈላትም። የምትናገር ከሆነ ባሏ ያፍራል፤ ልጇ ቤቱን ያጣል። የማትናገር ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን... ያንን እስከ መጨረሻው ልታስበው አልቻለችም። እንዲህ እንዳለች አንዲት ደንበኛ፣ ወፍራም፣ ቦርሳዋ ከእጇ የማይለይ ሴት፣ ዳሷ ድረስ መጥታ ያለቀውን ወንበር በእግሯ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች ዋጋ ጠየቀች። ነገረቻት። «ለቀርከሃ?» አለች ሴትየዋ፤ «ያንቺስ ባሰ! በዚህ ዋጋ እንጨቱን እገዛለሁ። ይሄ እኮ ነገ ዛሬ የሚሰበር ነገር ነው።» ሌላ ቀን ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ዛሬ ወንበሩን ከሴትየዋ ፊት አስቀምጣ «ውጪበት» አለቻት። «ምን?» «ቁሚበት። በሁለት እግርሽ።» ሴትየዋ መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥላ እልህ ያዛት፣ ጫማዋን አውልቃ ወጣች፤ ወንበሩ አንዴ ሲጥ አለና ዝም አለ። ሴትየዋ ከላይ ሆና ሳቋ መጣ። «እሺ፣ ከነባሌ ብንቀመጥበትስ?» «ወንበር ነው እንጂ አልጋ አይደለም» አለቻት፤ «ለሁለት ብትቀመጡበት ቢሰበር አልክስሽም። የሚችለውን ነው የምነግርሽ፤ የማይችለውንም እነግርሻለሁ።» ሴትየዋ ሳትከራከር ከፍላ ወንበሩን ይዛ ሄደች። ቀርከሃ ሠሪዋ ግን የገዛ ቃሏ ጆሮዋ ላይ ቀረ። ለማታውቃት ገዢ የማይችለውን እነግርሻለሁ ብላ ለልጇ ልትደብቅ ነው?

መሐንዲሷ ወጣት ናት፤ ጫማዋ ሲሚንቶ የጠገበ፣ ቢሮ ሳይሆን ሥራ ቦታ የምትውል መሆኗ ከሩቅ የሚታወቅ። በታንከሩ ጎን ተጣብቃ አልፋ ገና ከመግባቷ ግድግዳውን በአንድ ዓይኗ አነጣጥራ አየችና «ይህን የገነባ ሰው እጁ ይባረክ» አለች። ቱንቢ ስንዝር ረዘመ። ከቦርሳዋ ካውያ የሚያህል መሣሪያ አወጣች፤ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ብረት ሲያገኝ እንደሚጮህ ነገረቻቸው። ምሰሶው ላይ ስታስጠጋው ጢጥ ጢጥ አለ፤ ሌላው ምሰሶ ላይም እንዲሁ፤ ቱንቢ በእያንዳንዱ ጩኸት ራሱን ይነቀንቃል፣ «እሱማ ምን ጥያቄ አለው!» ይላል። ልጁ እንደ ሕፃን ደስ ብሎታል። ከዚያ መሐንዲሷ ጠረጴዛ አስቀርባ ላዩ ላይ ወጣችና መሣሪያውን የጣራው የውስጥ ገጽ ላይ አሳረፈችው።

መሣሪያው ዝም አለ። ወደ ግራ ወሰደችው፣ ወደ ቀኝ መለሰችው፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጎተተችው፤ ትንፍሽ አላለም። አራቱም ወደ ላይ አንጋጠው ያንን ዝምታ ያዳምጣሉ፤ ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፍቶ ሲያልፍ ልጁ ደንገጥ አለ። «ባትሪው ይሆናል የደከመው» አለ ቱንቢ። መሐንዲሷ ወርዳ ምሰሶው ላይ አስጠጋችው፤ ጢጥ አለ። ወጥታ ጣራው ላይ መለሰችው፤ ዝም። «ልስኑ ወፍራም ነው፤ እሱ ነው የከለከለው» አለ። «አባባ፣ እዚህ ውስጥ ምስማር እንኳ ቢኖር ይነግረኝ ነበር» አለች በትሕትና። ከጠረጴዛው ወርዳ እጇን አራገፈችና ለልጁ ሊነገር የሚገባውን ለልጁ ነገረችው፤ «ባዶ ነው። ብረት የሌለበት ኮንክሪት ነው የሞሉባችሁ። እስከ ዛሬ እንዴት ሳይወርድ እንደቆየ አልገባኝም። ማን ነበር የሞላው?»

ልጁ አባቱን አየ። ቀርከሃ ሠሪዋም ባሏን አየችው። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች፤ ከልቧ ጠበቀች። ቱንቢ «ያን ጊዜ የቀን ሠራተኞች ነበሩ» ብሎ ጀመረ፤ «ሰው አይታመንም... እኔ ዞር ስል ፌሮውን...»

ለክብሩ ብላ ሃያ ዓመት አፏን ዘግታለች፤ የሷን ሥራ ብረት ነው ቢል ችላለች። ባዶ ነው ሲባል፣ የእጇ ሥራ በሌሉ ሌቦች ሲላከክ ግን የሚቻል አልሆነም።

«ባዶ አይደለም» አለች።

ሦስቱም ዞሩ። እጆቿን በሽርጧ ጠረገች፤ ቀስ ብላ ተናገረች። «ውስጡ ቀርከሃ አለ። ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ ሬንጅ ተቀብቶ፣ አሸዋ ለብሶ የታሰረ ቀርከሃ። ያዘጋጀሁትም ያሰርኩትም እኔ ነኝ። የሞላው እሱ ነው። ሌባ የሚባል እዚህ ግቢ አልገባም፤ አንድም ነገር አልተሰረቀብንም።»

ቱንቢ የፕላስቲክ ልብሱን ያላወለቀው ሶፋ ላይ ተቀመጠ፤ ሶፋው ጮኸ። ልጁ መሳቅም መቆጣትም እያማረው በመካከሉ ቀረና «እማዬ፣ እና እኔ ቅርጫት ስር ነው ያደግኩት?» አላት።

«ቅርጫት ስር ነው ያደግከው» አለችው። «ዘነበብህ? ምን ጎደለብህ?»

መሐንዲሷ ግን አልሳቀችም። ብረት በጠፋበት ዘመን በየአገሩ ሰዎች እንዲህ ሞክረው እንደነበር አንብባለች፤ በዓይኗ ግን አይታ አታውቅም። ትንሽ ቦታ ከፍታ ለማየት ፈቃድ ጠየቀች። ቀርከሃ ሠሪዋ ከመመለሷ በፊት ቱንቢ ተነሳ፤ መሮና መዶሻውን ይዞ መጣ፤ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ጠረጴዛው ላይ ወጣ። የገዛ ጣራውን ሲከፍት እጁ እንዴት ቀስ እንደሚል አየችው፤ ከመሮው ስር የሚወርደው ፍርፋሪ ፀጉሩን አነጣው። ከልስኑ ቀጥሎ ኮንክሪቱ፣ ከኮንክሪቱ ቀጥሎ ጥቁር፣ አሸዋ የነከሰ ቆዳ ብቅ አለ። በቢላዋ ጫፍ ሲፍቀው ከሬንጁ ስር ቢጫው ወጣ፤ ዳሷ ውስጥ ተደግፎ ከቆመው ቀርከሃ የሚለየው ትንሽ መጥቆሩ ብቻ ነው። መሐንዲሷ በብሎን መፍቻ ጫፍ ወጋችው፤ አልገባም አላት። ቀርከሃ ሠሪዋ ኮራች፤ ፊቷ ላይ እንዳይታይባት ብላ አልደበቀችውም።

«በአሸንዳው በኩልም ክፈቱ» አለች ራሷ። «ለምን?» አለ ልጁ። «ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ነው። ሁሉንም ትየው።» ተከፈተ። እዚያ ቀርከሃው ቡናማ ሆኗል፤ ዙሪያውን ከኮንክሪቱ ተላቆ ክፍተት ፈጥሯል፤ መፍቻው ሲነካው ጫፉ ገባ። ለራሷ የምታውቀውን ነገር በሰው ፊት ማየት ሌላ ነው። ግን ዓይኗን ከሱ አላነሳችም።

መሐንዲሷ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያለ ማድበስበስ ነገረቻቸው። ቀርከሃ ብረትን አይተካም፤ ጭነት ሲበዛበት ከብረት ይልቅ ብዙ ይለጠጣል፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሬንጁ ውሃውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በዚህ ጣራ ላይ ሌላ ቤት አይታሰብም፤ ታንከርም አይቀመጥም፤ የአሸንዳው ጥግ ዛሬ ነገ ሳይባል ከስር ድጋፍ ይፈልጋል፤ የቀረውንም በየጊዜው እየመጣች ታየዋለች። «አውቃለሁ» አለች ቀርከሃ ሠሪዋ። መሐንዲሷ ቀና ብላ አየቻትና «አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች። «በዚህ ሁሉ ዝናብ መበስበስ የነበረበት ሁሉም ነው። መሃሉን ማን አደረቀው?»

ልጁ በበሩ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን መጥረጊያ አየ። ከመጥረጊያው ዓይኑን ወደ ታንከሩ ወሰደ፤ ከታንከሩ ወደ መሰላሉ። «መሰላሉ ጠፋ ያልሽው...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ቱንቢም ያንኑ መጥረጊያ እያየ ነበር። ጣራው ላይ ምንም እንዳይጫን የምትከለክልበትን ምክንያት ያውቃል፤ የመጥረጊያውን ግን በንጽሕና አባዜ ሲያልፈው ነው የኖረው። ዝናብ ባባራ ቁጥር፣ ጉንፋን ይዟት እንኳ ሻሽ ጠቅልላ ስትወጣ፣ ከሶፋው ላይ ሆኖ «አሁንስ አበዛሽው!» ሲላት ነው የኖረው። አፈረ። ያፈረው ግን በቀርከሃው አልነበረም።

መላው ቀስ እያለ መጣ። የልጁ ቤት የግድ ከሆነ ከመሬት ጀምሮ በራሱ ምሰሶ፣ በራሱ ፌሮ ግቢው ውስጥ ሊቆም ይችላል፤ ችግሩ ቦታው ነው፤ ቦታው ዳሷ ያለችበት ነው። ወጪውም እጥፍ ይሆናል፣ ጊዜውም ይረዝማል፤ ሕፃኑ ሳይወለድ የሚደርስ ነገር አይደለም። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ ለሚስቱ ሊደውል ግቢ ወጣ፤ ድምፁ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል ይሰማል። ቀርከሃ ሠሪዋ «ዳሴን አንሱት» አለች። «አንቺስ የት ትሠሪያለሽ?» አላት ቱንቢ። መሮውን ካነሳ በኋላ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። «እዚህ» አለችው፤ በጣቷ ወለሉን አሳየችው። «በገዛ ጣራዬ ስር።» ቱንቢ ሶፋውን አየ፣ ፎቶግራፉን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሶፋውን በአንድ ወገን ያዘና ወደ ግድግዳው ጠጋ ማድረግ ጀመረ። በሌላው ወገን መሐንዲሷ ያዘችለት።

ስትሄድ አንድ ቁራጭ ለመነች፤ ሥራ ቦታ ወስዳ በማሽን ልትፈትነው። ቀርከሃ ሠሪዋ ከዳሷ ከደረቁት ውስጥ አጣርታ ሰጠቻት። «በስንት እንደተሰበረ ግን ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ» አለቻት። «ካልተሰበረስ?» አለች መሐንዲሷ እየሳቀች። «ይሰበራል፤ ሁሉም ይሰበራል። እኔ ማወቅ የምፈልገው በስንት እንደሆነ ነው።»

ወደ ማታ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ አንድ ጊዜ ወርዶ አባራ። መሰላሉን አቆመች፤ ዛሬ እግሩን ልጇ ያዘላት። «እኔ ልውጣ» አላት። «ከባድ ነህ» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። ሚስቱ በስልክ ምን እንዳለችው አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም፤ ሆኖም ሊሄድ ሲነሳ የተሸፈነውን የሕፃን አልጋ ገልጦ ሲነካካው አይታዋለች፣ ይዞትም ሊሄድ ነው። ላይ ወጥታ ውሃውን መግፋት ጀመረች። አሸንዳው ጥግ ላይ ስትደርስ ከስሩ ያለውን የላላ ነገር እያሰበች ቀለል አድርጋ ረገጠች። የለሳኙ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ መጣ፤ ሁሌም እንደሚመጣው፣ ሳይጠራ።

«ቱንቢ! አንዲት ልጅ ማሽን ይዛ መጥታ ነበር አሉ! ምን አገኘችልህ? ወርቅ ቀብረህ ኖሯል?»

መጥረጊያው ቆመ። ከጠዋቱ በዚሁ ቦታ፣ በዚሁ መጥረጊያ ቆማ የሰማችውን እንደገና ልትሰማ ተዘጋጀች፤ ባለ አሥራ ሁለት፣ በገዛ እጄ። ቱንቢ በሩ ላይ ነው፤ የጫማውን ድምፅ ትሰማለች፤ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«ማሽኑማ ምንም አላገኘም!» አለ። «ብረት የለበትም። ኖሮበትም አያውቅም።»

«አትቀልድ!»

«አልቀለድኩም። ውስጡ ቀርከሃ ነው።»

ለሳኙ እስኪሳል ሳቀ። «ቱንቢ በቅርጫት! እኔ እኮ ያን ጊዜ ሬንጅ ሸቶኝ ነበር! ሃያ ዓመት ሙሉ ፌሮ ፌሮ ስትለን...»

«ውሸቴን ነበር» አለ ቱንቢ። ሳቁ ቆመ። «በል አሁን ለፈለግከው ሁሉ ንገር፤ ስትናገር ግን አሟልተህ ተናገር። የሚስቴ ቀርከሃ ነው። ያሰረችው እሷ ናት። ያ በየዝናቡ የምትስቅበት መጥረጊያም ለሱ ነበር፤ እኔም አላወቅኩም።»

«እንዴ፣ እና ይሄን ሁሉ ዘመን ጣራውን ምን ያዘው?» አለ ለሳኙ፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልቀረም።

ቱንቢ ቀና ብሎ ላይ አያት። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጮኸ።

«እሷ ናታ! ጣራዬን የያዘችው ሚስቴ ናት!»